እሳት ውስጥ ሳይገቡ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መርዳት የሚቻልበት መንገድ አለ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የ51 ዓመት ሰው ነኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ኡበር እነዳለሁ።

ባለፈው ጥር እኛ አጠገብ ያለ አፓርትመንት ሌሊት ተቃጠለ። የነቃሁት በሳይረኑ ሳይሆን በጭሱ ሽታ ነው። ጃኬት ደርቤ ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበልባሉ በመስኮት ይወጣል። ሰው ሁሉ በፒጃማው ፓርኪንጉ ላይ ቆሟል፣ ገሚሱ የኛ ሰው ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አንድ ልጅ ብቻውን ቱቦ ሲጎትት ሳይ ሮጬ ሄጄ ልይዝለት ስል ነጭ ሄልሜት ያደረገ ሰውዬ ደረቴን ገፍቶ ወደ ኋላ መለሰኝ። ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ግን ሌሊቱን ሙሉ እጄን አጣጥፌ ሳይ ማደሬ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በኋላ ሌላ ነገር አየሁ። ጥጉ ላይ አንድ መኪና ጎኑን ከፍቶ ቆሟል። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ እናቴን የምታክል፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሰው ለእሳት አደጋዎቹ ሙቅ ነገር ይሰጣሉ። ልጆቹ ከውስጥ ሲወጡ ፊታቸው ጥላሸት ነው፣ ከትከሻቸው እንፋሎት ይነሳል፣ ብርዱ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። አንደኛው ጣቱ ደንዝዞ ጓንቱን ማውለቅ ሲያቅተው ሴትዮዋ ጣት በጣት ጎትታ አወለቀችለት።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እነዚያ ሴቶች እነማን ናቸው? ተቀጣሪ ናቸው ወይስ በጎ ፈቃደኛ? እኔ ጉልበቴን ኦፕሬሽን ተደርጌያለሁ፣ መሰላል መውጣት አልችልም። እንግሊዝኛዬም ለሥራ ይበቃኛል እንጂ ያን ያህል አይደለም። እንደኔ ያለ ሰው ቢሄድ የሚሠራው ያገኛል ወይስ ያስቸግራል? የሚያውቅ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።


ካንቲን_ላይ፦

ወንድሜ፣ ያቺ ያየሃት መኪና ካንቲን ትባላለች። ሴቶቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ደመወዝ የላቸውም። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ሌላ ጣቢያ ውስጥ በዚሁ ሥራ 6 ዓመት ሆነኝ። አሜሪካ ውስጥ ከእሳት አደጋ ሠራተኛው አብዛኛው በጎ ፈቃደኛ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። እኛም ጋ ካውንቲው ከሚቀጥራቸው ጎን ለጎን የየሰፈሩ የበጎ ፈቃድ ጣቢያዎች አሉ። እዚያ ውስጥ ደግሞ እሳት የማያጠፉ አባላት አሉ፣ ኦግዚለሪ ነው የሚሏቸው።

ስለገፋህ ሰውዬ ልንገርህ መጀመሪያ። ነጭ ሄልሜት ያደረገው አለቃ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ የስም ታጉን አስረክቦ ነው የሚገባው፣ ታጉ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ማን ገባ፣ ከማን ጋር ገባ፣ ማን ወጣ፣ በስም ይታወቃል። አንተ ሰሌዳው ላይ የለህም። ጭስ ውስጥ ብትወድቅ መጥፋትህን የሚያውቅ የለም። ቢታወቅ ደግሞ አንተን ለማውጣት ሌሎች ሰዎች ከሥራቸው ተነቅለው ይገባሉ። ስለዚህ እንደ ንቀት አትቁጠረው፣ እሱ ያን ሌሊት አንተንም ተሸክሞህ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። እሳቱ ከፍ ያለ ሆኖ ሁለተኛ አላርም ሲመታ፣ ማለትም ተጨማሪ ቡድን ሲጠራ፣ ስልኬ ይጮሃል። ከሌሊቱ 9 ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ጣቢያ ሄደን መኪናዋን እናወጣለን። ቦታው ላይ ስንደርስ ትልቁ ነገር የት እንደምንቆም መምረጥ ነው። ነፋሱ ጭሱን ወደኛ የሚያመጣበት መሆን የለበትም፣ የመኪኖቹ ጢስም እንዳይደርስ፣ አምቡላንሱ ደግሞ ቅርብ መሆን አለበት። በጣም ከራቅን ልጆቹ አይመጡም። በጣም ከቀረብን ቁጭ ብለው እንኳን ዓይናቸው ከእሳቱ ላይ አይነሳም፣ አያርፉም።

ሰው የሚያስበው ምግብ እንደምናድል ነው። መጀመሪያ የምሰጠው ምግብ አይደለም። ሳሙና፣ ውሃና እርጥብ ፎጣ ነው። ፊት፣ አንገት፣ እጅ። ጥላሸቱ ላይ ያለው ኬሚካል በቆዳ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2022 የእሳት አደጋ ሥራን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች መደብ ውስጥ አስገብቶታል። በዚያ እጅ ሳንድዊች ይዞ ቢበላ አስቡት። ኮቱንም የሚያርፉበት ድንኳን ውስጥ ይዞ እንዲገባ አንፈቅድም፣ ውጭ ያስቀምጣል። መጀመሪያ አካባቢ አፍሬ ዝም እል ነበር፣ ትልቅ ትልቅ ሰዎች ናቸው። አሁን እንደ ልጆቼ ነው የማዛቸው፣ ‹‹እጅህን ሳትታጠብ ቡና የለም›› ብያቸው ይስቃሉ፣ ግን ይታጠባሉ።

የሚሸከሙት ልብስና ጀርባቸው ላይ ያለው ሲሊንደር ተደምሮ ከ20 ኪሎ በላይ ነው። ሲሊንደሩን ሰው ኦክሲጅን ይለዋል፣ ግን የታመቀ ተራ አየር ነው። የ30 ደቂቃ ተብሎ የሚጠራው በከባድ ሥራ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢቆይ ነው። በተለመደው አሠራር እንደዚያ ያለ ሁለት ሲሊንደር የጨረሰ ሰው የግድ መጥቶ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያርፋል። ይህን ማረፊያ ሪሀብ እንለዋለን። በክረምት ሾርባ፣ ቡና፣ ደረቅ ጓንትና ካልሲ፣ የእጅ ማሞቂያ። በበጋ በረዶ ውስጥ የተነከረ ፎጣ ለአንገት፣ ውሃ፣ ጨውና ስኳር ያለው መጠጥ። ውሃውን ቀስ እያሉ ነው የሚጠጡት፣ አንድ ጊዜ ከጋቱት ያስመልሳቸዋል።

እንግሊዝኛዬ ትንሽ ነው ላልከው አንድ ነገር ልጨምር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ አፓርትመንት እሳት ላይ አንዲት የኛ እናት በነጠላና በሸበጥ በረዶ ላይ ቆመው እየጮሁ ወደ ሕንፃው ሊገቡ ይታገላሉ። ፖሊሱ ይዟቸዋል፣ የሚሉት አይገባውም። ቡናውን ጥዬ ሄድኩ። ‹‹ባልና ሚስቱ አልወጡም፣ ከኔ በላይ ያሉት፣ ሰውየው መራመድ አይችልም፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው›› ይላሉ። ስንተኛ ፎቅ፣ በየትኛው በኩል፣ ስንት ሰው ብዬ ጠይቄ ለአለቃው ነገርኩት። እሱ በሬዲዮ ተናገረ። ሁለቱም በኋላ በር ወጥተው አምቡላንስ ውስጥ ናቸው የሚል መልስ መጣ። እኝህን እናት እጃቸውን ይዤ ወስጄ ባልና ሚስቱን አሳየኋቸው። እዚያው አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። ያን ሌሊት እኔ ባልኖር ኖሮ አንድ ቡድን ባዶ ቤት ፍለጋ ተመልሶ እሳት ውስጥ ይገባ ነበር። እሳት ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹ውስጥ ሰው አለ?›› ነው፣ በዚህ ሰፈር መልሱ ብዙ ጊዜ በአማርኛ ወይም በስፓኒሽ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አማርኛህን እንደ ጉድለት አትየው።


አምቡላንስ_ልጅ፦

ጋሼ፣ እህታችን ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ኢኤምቲ ነኝ፣ አምቡላንስ ላይ ድንገተኛ ሕክምና የምሰጥ፣ ብዙ ጊዜ ሪሀብ ላይ የምመደበው እኔ ነኝ። ከሕክምናው በኩል ትንሽ ልጨምርልዎ።

አሜሪካ ውስጥ በሥራ ላይ የሚሞቱ እሳት አደጋዎችን ለብዙ ዓመታት በብዛት የገደለው ነበልባል አይደለም፣ ልብ ነው። ሙቀቱ፣ ክብደቱ፣ ድንጋጤው፣ ከእንቅልፍ ተነስቶ መሮጡ አንድ ላይ ሆኖ ልብ ላይ ያርፋል። ቁጭ ሲሉ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና የሰውነት ሙቀት እንለካለን። አርፈው የልብ ምታቸው ካልወረደ አይመለሱም። ጠይቀው ቢያዩ ሁሉም ‹‹ደህና ነኝ›› ነው የሚሉት። ጓደኛው ውስጥ ሆኖ እሱ ወንበር ላይ መቀመጥ ለነሱ ከባድ ነው። ስለዚህ አፉን ሳይሆን ቁጥሩን ነው የምናምነው።

አንድ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጣት ላይ የምትደረገው ተራ የኦክሲጅን መለኪያ ጭስ በተነፈሰ ሰው ላይ ታታልላለች። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደም ውስጥ ገብቶ ኦክሲጅኑን ቦታ ሲነጥቀው መሣሪያዋ ሁለቱን አትለይም፣ 98 ወይም 99 ብላ ደህና ነው ትላለች። ለዚህ የተሠራ ሌላ መለኪያ አለ፣ እሱን ነው የምንጠቀመው። በበጋ ደግሞ ክንድ ማስቀመጫው ላይ ውሃ የሚይዝ ወንበር አለን። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነክራሉ። ማራገቢያ ከሚሰጠው ፋታ የበለጠ ሰውነታቸውን የሚያቀዘቅዘው ይሄ ነው።

እርስዎ ኢኤምቲ መሆን አያስፈልግዎትም። ግን ስሙን፣ የገባበትን ሰዓትና የወጣበትን ሰዓት የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ እንፈልጋለን። ብዕር ይዞ በሩ ላይ የሚቆም ሰው ከሌለ አንዱ ሳይለካ ሾልኮ ይመለሳል። ጉልበት የማይጠይቅ ሥራ ነው፣ ዓይን ግን ይፈልጋል። አንድ ቀን መዝገብ የያዘው ሽማግሌ ‹‹ይሄ ልጅ ሁለት ጊዜ ውሃ ሰጥቼው ሁለቴም ሳይጠጣ አስቀመጠው›› ብሎ ጠራኝ። ሄጄ ሳየው ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፣ ላብ የለውም፣ የት እንዳለ ስጠይቀው የሌላ ጎዳና ስም ነገረኝ። ቀጥታ ሆስፒታል ወሰድነው።


መንገደኛው_ፔንሲልቬንያ፦

እዚህ ፔንሲልቬንያ ፋየር ፖሊስ የሚባል አለ። መሐላ ፈጽመው የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ሰዎች። እሳት አይነኩም። መንገድ ይዘጋሉ፣ መኪና ያዞራሉ፣ ሰው ያርቃሉ። የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆንኩ ሃይዌይ ላይ አደጋ ሲኖር እነሱ የሚያስቀምጡትን መብራትና ኮን አይቼ ነው ፍጥነቴን የምቀንሰው። እሳት አደጋዎችን መኪና እንዳይገጫቸው የሚከላከሉት እነሱ ናቸው። አንተም ሹፌር ስለሆንክ ይሄ ይገባሃል ብዬ ነው።


እውነቱን_ልናገር፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልዋጥልህ አለኝ። የሰው ቤት እየነደደ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሾርባ የሚጠጣ እሳት አደጋ ሳይ ያመኛል። አገር ቤት ሰፈርተኛው ነው ባሊ ይዞ የሚሮጠው። ልጅ ሆኜ የጎረቤታችን ማድቤት ሲቃጠል እናቶች ሳይቀሩ ውሃ እያመላለሱ ነው ያጠፉት። ወንድማችን ሮጦ ቱቦ መያዙ ምኑ ነው ጥፋቱ?


የቦቴ_ሹፌር_አዲስ፦

ወንድም፣ ባሊውን እኔም አውቀዋለሁ። አልንቀውም። እሳቱ ገና ድስት ወይም መጋረጃ ላይ ሳለ የጎረቤት ባሊ ከኛ መኪና ይቀድማል። ጣሪያ ከያዘ በኋላ ግን ባሊ ሰው ይበላል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ 12 ዓመት ውሃ ቦቴ ነድቻለሁ፣ ቱቦ ይዤ አላውቅም፣ የምናገረው ካየሁት ነው።

አንድ ቱቦ በደቂቃ 500 ሊትር ያህል ያወጣል እንበል። 10,000 ሊትር የያዘ ቦቴ 20 ደቂቃ ነው። ሁለት ቱቦ ከተከፈተ 10 ደቂቃ። ፊት ያለው ልጅ ግድግዳው ስር ቆሞ እየረጨ ውሃው ቢቋረጥበት ምን እንደሚሆን አስበው። ስለዚህ እኔ ሞልቼ እስክመለስ ሌላው ቦቴ ተክቶኝ መቆም አለበት። መንገድ ከተዘጋብኝ ግን ውሃ ይዤ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እሳቱን በመስታወት አያለሁ። ከዚህ የሚያም ነገር የለም።

መርካቶን የሚያውቅ ያውቀዋል። በጥቅምት 2017፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት እሳቱን ለመቆጣጠር ትልቅ ችግር እንደነበር በይፋ ተነግሯል። ሸራው፣ የተዘረጋው ዕቃ፣ የቆመው ሚኒባስ፣ ዕቃውን ለማውጣት የሚሮጠው ባለሱቅ፣ ለማየት የመጣው ሰው፣ ሁሉም አንድ መንገድ ላይ ነው። ባለሱቁን አልፈርድበትም፣ የዕድሜ ልክ ጥሪቱ ነው የሚነደው።

ታዲያ ማነው የሚረዳን ብትለኝ ልንገርህ። 939 ደውሎ ስልኩን ዘግቶ የማይቀመጥ ሰው። ‹‹ከመስጊዱ ጀርባ›› ይሉናል፣ የቱ መስጊድ? አንድ ልጅ ዋናው አስፋልት ላይ ወጥቶ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ ቢያስገባን በየቅያሱ ከመባዘን እንድናለን። ሌላው ደግሞ ቱቦ ላይ መኪና እንዳይሄድ የሚከለክል ሰው። ጎማ ሲወጣበት መጋጠሚያው ይፈነዳል፣ ፊት ያለው ልጅ እጁ ላይ ውሃው ይሞታል። ቆጣሪውን ያጠፋ፣ መብራት ኃይል የደወለ፣ ሲሊንደር ጋዝ ከቤቱ ያለ እንደሆነ የነገረን። የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውሃ ሊደፋ የሚሮጠውን ጎረቤቱን አንቆ የያዘ። እነዚህ ሁሉ ስማቸው አይጠራም።

አንድ ጊዜ ኮልፌ በኩል ሌሊት ስንሠራ አንዲት እናት በትልቅ ጀበና ሻይ አፍልተው መጡ። ስኳሩን ከልጃቸው ቤት ለምነው ነው ያመጡት። ልጆቹ ቦቴው ጎማ ላይ ተደግፈው ጠጡ። ከመሀላቸው አንዱ ከዚያ በፊት መሬት ላይ ተዘርሮ ነበር፣ አልነሳም ብሎ። ጠጥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አርፎ ተመልሶ ገባ። ወንበር ላይ የተቀመጠውን ስታይ ያመኛል ላልከው መልሴ እሱ ነው። ካልተቀመጠ ሁለተኛ አይነሳም።

የሚቆጨኝ ነገር፣ እዚያ ያሉት እንዳደራጁት እኛ ጋ የሰፈሩ ሰው አስቀድሞ ሥራ ቢከፋፈል ነበር። ማን ይደውላል፣ ማን አስፋልት ላይ ይቆማል፣ የግቢውን ቁልፍ ማን ይይዛል። ዕድር ለለቅሶ ድንኳን ተካይና ወንበር አምጪ አስቀድሞ ይመድባል፣ ለእሳትም ቢመድብ ምን ይከብዳል?


እውነቱን_ልናገር፦

ገባኝ ወንድሜ። የዕድሩን ነገር ለአባቴ እነግረዋለሁ፣ ፀሐፊ ነው፣ ስብሰባ ላይ ያነሳዋል።


አምቡላንስ_ልጅ፦

ጋሼ፣ የቦቴው ወንድማችን ያለው የሰፈር ሥልጠና እዚህ ሰርት በሚባል ስም አለ። የሎስ አንጀለስ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት በ1985 የጀመረው ነው። በሜክሲኮ ሲቲ የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ሰው ጎረቤቱን ለማዳን ባዶ እጁን ገብቶ ብዙ ሰው ቢያድንም ሳይሠለጥኑ ከገቡት ብዙዎች ራሳቸው አብረው መሞታቸውን አይተው ነው። መሠረታዊ ሥልጠናው 20 ሰዓት ያህል ነው። ጣቢያ እስኪቀበልዎ ድረስ እሱን ቢወስዱ ጥሩ ነው። የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ፌማ ደግሞ አይኤስ 100 እና አይኤስ 700 የሚባሉትን ኮርሶች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይሰጣል። አደጋ ቦታ ላይ ማን ማንን እንደሚያዝ የሚያስተምሩ ናቸው። ብዙ ጣቢያ እነሱን ይጠይቃል፣ ቀድመው ጨርሰው ቢሄዱ ደስ ይላቸዋል።


የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእህታችንን መልስ ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ ስለነጠላዋ እናት ስትሰማ አለቀሰች። እኛ ሰፈር ሰው የ2016ቱን የፍላወር ብራንች አፓርትመንት የጋዝ ፍንዳታ አይረሳውም፣ 7 ሰው ነው የሞተው። ብዙዎቹ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ቤተሰቦች ነበሩ።

ትናንት ማታ ድፍረት አግኝቼ ቅርባችን ያለው ጣቢያ ሄድኩ። ሥልጠና ላይ ነበሩ። አንዱ ወጣት ተቀበለኝና ፎርም ሰጠኝ። አሻራና የወንጀል ማጣሪያ አለ፣ የሐኪም ምርመራም አለ። ጉልበቴን ስነግረው ‹‹ቫን መንዳት ትችላለህ?›› አለኝ። ‹‹ሌላ ምን አውቃለሁ›› አልኩት። አማርኛ እናገራለሁ ስለው ደግሞ ውስጥ ገብቶ ሌላ ሰው ጠርቶ አመጣ። የመጣው ነጭ ሄልሜት ያደረገው ያ ሰውዬ ይሁን ሌላ አላወቅኩም፣ ያን ሌሊት ፊቱን በደንብ አላየሁትም። እጄን ጨበጠኝ።

እህቴ ካንቲን፣ መጀመሪያ ቀን ሲጠሩኝ ምን ይዤ ልሂድ?


ካንቲን_ላይ፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! እውነት በጣም ደስ ብሎኛል።

ከሁሉ በፊት ጫማ። ውሃ የማያስገባና ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን። ከቱቦው የሚፈሰው ውሃ በጥር አስፋልቱ ላይ በረዶ ይሆናል፣ ባንተ ጉልበት ደግሞ መውደቅ የለብህም። እኔ የመጀመሪያ ሌሊቴ በስኒከር ሄጄ ትሪ ሙሉ ቡና ይዤ ወድቄያለሁ። ሁለት ካልሲ ደርብ፣ አንድ ደረቅ ትርፍ ቦርሳህ ውስጥ አድርግ። ስልክህን በደንብ ቻርጅ አድርገህ ደረት ኪስህ ውስጥ ያዝ፣ ከውጭ ኪስ ብርድ ሲመታው ይጠፋል። የራስህን መድኃኒት ካለህ አትርሳ። አንድ ጊዜ ከወጣህ 8 ሰዓት ልትቆይ ትችላለህ፣ ስለዚህ ጠዋት ኡበር የምትነዳ ከሆነ ያን ቀን አትቁጠረው፣ እንቅልፍ ሳትተኛ እንዳትነዳ።

ታክስ ላይ ደግሞ ሜሪላንድ ለበጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ አባላት የምትቀንሰው አለ፣ በዓመት የምትሰበስበው ነጥብ ከሞላ። ፀሐፊውን ጠይቀው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰዓትህን ያስመዝግብልህ።

ፎቶ ግን አታንሳ። የሚነደው የሰው ቤት ነው፣ ቆመው የሚያለቅሱት ሰዎች ደግሞ ነገ ቤተክርስቲያን የምታገኛቸው ናቸው።

ብርድ ልብሶቹ መኪናዋ ውስጥ በግራ በኩል፣ ከላይ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት። መጀመሪያ ደርሰህ የምትፈልገው እሱን ነው። ልጅ የያዘች እናት ካየህ ሳትጠይቃት አልብሳት።